ጌሙን ከመሸጥህ በፊት

«ሰላም እህቴ። ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው፣ ብድር ክፍል። ታናሽ ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። አምና ከደብረ ብርሃን አምጥቼው እዚህ እያስተማርኩት ነው። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን።

ማታ ማታ ፕሌይስቴሽን እንጫወታለን፤ ኳስ። የቤታችን ደስታ እሱ ነበር። አሁን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ማታ 2 ለ1 እየመራሁ በ90ኛው ደቂቃ አገባብኝ። ዘሎ ጨፈረ። ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። እሱንም "ከፊቴ ጥፋ" አልኩት። ጌሙ እንደሚያጭበረብር እርግጠኛ ነበርኩ። ኳሱ ሆን ተብሎ ነው በተከላካዬ እግር መሀል ያለፈው። የሚገርመው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ በዚያው ጌም 4 ለ0 አሸንፎኝ እየሳቅን ነው የተኛነው።

ከዚያ ማታ ወዲህ "እንጫወት?" ብሎኝ አያውቅም። እኔም ጌሙ ደበረኝ። ጌሙ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሰፈሬ ማኪያቶ ጣዕሙ ጠፋብኝ። እናቴ ስትደውል አሳጥሬ እዘጋለሁ። ታክሲ ውስጥ የሰው ሳቅ ያበግነኛል። የሥራ ባልደረባዬ "ጠባይህን ያበላሸው ጌም ነው፤ ሽጠው" አለኝ። ልሽጠው? ወይስ ችግሩ እኔ ነኝ? ስሜ ይቆይ።»

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

አትሽጠው። ቢያንስ በዚህ ወር አትሽጠው። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ከጌሙ የሚቀድም ነገር ግን አለ። ወንድምህ።

ይቅርታ ጠይቀው። በእኛ ቤት ታላቅ ታናሹን ይቅርታ መጠየቅ እንዳልተለመደ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ያደግነው ሌላ ዓይነት ይቅርታ እያየን ነው። የጮኸብህ ሰው ማታ ሙዝ ገዝቶ ይገባል። ወይም ምንም እንዳልተፈጠረ «ና፣ ቅረብ፣ ብላ» ይልሃል። ያም ይቅርታ ነው፣ አላጣጥለውም። የ13 ዓመት ልጅ ግን ሙዙን በልቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያለ ሊተኛ ይችላል። እናቱ አጠገቡ የለችም። ያለኸው አንተ ነህ። «ከፊቴ ጥፋ» የሚለው ቃል አባቱም እናቱም ቤት ላለ ልጅ አንድ ነገር ነው። ከአገሩ መጥቶ ካንተ ሌላ ቤት ለሌለው ልጅ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ በቃል ንገረው። «ያን ማታ ከሥራ ተናድጄ ነበር የመጣሁት። አንተ ምንም አላጠፋህም። ጎሏም ቆንጆ ነበረች።» ከዚህ በላይ አታርዝመው። «ግን አንተም መጨፈርህ» የምትል ጭራ እንዳታስከትልበት።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ቅዳሜ 4 ለ0 ተሸንፈህ ስቀሃል። ከቀናት በኋላ በአንዲት ጎል ጆይስቲክ ወርውረሃል። ጌሙ ያው ነው። ወንድምህም ያው ነው። አራት ጎል ከአንድ ጎል ይበልጣል። ታዲያ በሁለቱ ማታዎች መሀል የተለወጠው ማን ነው?

«ሰኔ መጨረሻ» ብለሃል። «ብድር ክፍል» ብለሃል። እነዚህን ሁለት ነገሮች በተለያየ መስመር ላይ ጻፍካቸው፤ አላገናኘሃቸውም። እኔ ሳነባቸው ግን ቶሎ ተገናኙብኝ። የሰኔ መጨረሻ የሂሳብ መዝጊያ ነው። በዚያ ሰሞን ባንክ ቤት ምን እንደሚመስል ብዙ የባንክ ሰዎች አውርተውኛል። ያልተመለሰ ብድር ይቆጠራል። ስልክ ይደወላል። መክፈል ያልቻለ ሰው ያለቅስብሃል፤ አለቃ ደግሞ ቁጥር ይጠይቅሃል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ትወጣለህ። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ። ከዚያ ዝናብ አለ። ሳትበላ ትገባለህ። ጫማህን ሳታወልቅ ጆይስቲኩን ትይዛለህ። ይሄ ግምቴ ነው፣ ልሳሳት እችላለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ያን ማታ የተወረወረው ጆይስቲክ ከቢሮ ጀምሮ እጅህ ላይ ነበር።

አንድ የቆየ ጥናት ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1983 ኖርበርት ሽዋርዝ እና ጄራልድ ክሎር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሰዎች ስልክ ደውለው «በአጠቃላይ በሕይወትህ ምን ያህል ደስተኛ ነህ?» ብለው ጠየቁ። ግማሹን ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ግማሹን በዝናብ ቀን። በዝናቡ ቀን የተጠየቁት መላ ሕይወታቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ሕይወታቸውን እኮ ነው! ደዋዩ መጀመሪያ «ለመሆኑ እናንተ ጋ አየሩ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጀምር ግን ልዩነቱ ጠፋ። የዝናብ ቀን ሰዎች ስለ ሕይወታቸው የሚሰጡት መልስ ከፀሐይ ቀን ሰዎች ጋር ተቀራረበ። ስለ ዝናቡ ሲጠየቁ፣ የደበራቸው ዝናቡ መሆኑ ትዝ አላቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በጣም ብዙ ሰው ላይ ሲያዩት የአየር ሁኔታ በሰው እርካታ ላይ ያለው ጫና እንደዚያ ጎልቶ አልታየም። ስለዚህ ስለ ዝናብ አልከራከርም። እኔን የሚይዘኝ ያቺ ትንሽ ጥያቄ ናት። ስሜታችን የት እንደተነሳ ካላወቅን፣ ፊት ለፊታችን ያገኘነው ነገር ላይ እንለጥፈዋለን። ፊት ለፊትህ ያለው ጌም ከሆነ «ጌሙ ደበረኝ» ትላለህ። ማኪያቶ ከሆነ «ማኪያቶው ተበላሸ» ትላለህ። የሰው ሳቅ ከሆነ «ሰዉ ባለጌ ሆነ» ትላለህ። የሰፈርህ ቡና ቤት ቡናውን የቀየረ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃላችን ትንሽ ልበል፤ ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። «ደበረኝ» እንላለን። ሥራ ፈትተን ስንቀመጥ ደበረኝ ነው። ጓደኛችን ሲያስቀይመን ደበረኝ ነው። ፊልሙ ካልጣመን ደብሮኛል። ሐኪም ቤት ስንሄድ ደግሞ የሕመሙ ስም ድብርት ነው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይሸከማል። ቃሉ ይመቻል፣ ለዚህም እንወደዋለን። ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ያን ማታ አንተን የያዘህ ድካም ሊሆን ይችላል። ረሃብ ሊሆን ይችላል። ውርደት ሊሆን ይችላል፤ አለቃህ ሰው ፊት ተናግሮህ ከሆነ። ፍርሃትም ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ ይጨመር ይሆን ብለህ ከሆነ፣ ወንድምህን ይዘህ የት እንደምትገባ እያሰብክ ከሆነ። ደከመኝ፣ ራበኝ፣ አፈርኩ፣ ፈራሁ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። የራበው ሰው ይበላል። የደከመው ይተኛል። የፈራ ለሚያምነው ሰው ይናገራል። «ደበረኝ» ያለ ሰው ግን ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ይደብረዋል።

ስሜትን በስሙ መጥራት በራሱ እንደሚያበርደው የሚያሳይ ጥናት አለ። ማቲው ሊበርማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሞታል። የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል የሰየሙ ሰዎች፣ ፍርሃትንና ሥጋትን የሚያስተናግደው የአእምሮ ክፍላቸው ጋብ ሲል ታየ። ይህን ለማመን ግን ጥናትም አያስፈልግህም። እናትህ «ምነው ልጄ፣ ከፋህ?» ስትልህ ጉሮሮህ ላይ ያለው ነገር ቀለል እንደሚልህ ታውቀዋለህ። እሷን አሳጥረህ መዝጋትህ ለዚህ ነው ያሳዘነኝ።

«ጌሙ ያጭበረብራል» ያልከውን ደግሞ እንዲሁ አላልፈውም። ብዙ ሰው እንዳንተ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጫዋቾች አንድን ትልቅ የኳስ ጌም አምራች በዚሁ ጉዳይ ከስሰውት ነበር። ጌሙ ሳንነገር ክብደቱን እየለዋወጠብን ነው ብለው። ኩባንያው ቴክኒካዊ መረጃውን ካሳያቸው በኋላ ክሱን በ2021 አነሱት። አንድ ነገር አስብ። ቅዳሜ 4 ለ0 ስትሸነፍ «ተጭበረበርኩ» አላልክም። ኳስ በእግር መሀል ስታልፍ ያየኸው የመጀመሪያህ አይደለም። ቅዳሜ ቢሆን «አይ ዕድል!» ብለህ ትስቅ ነበር። ቀን ሙሉ በሰው ስትገፋ ስትውል ግን ማታ የሚያልፍብህ ኳስ ሁሉ ሆን ተብሎ የተላከ ይመስላል። ታክሲ ውስጥ የሚስቁትም ባንተ የሚስቁ ይመስላሉ።

ተጫዋቾች ለዚህ ስም አላቸው፤ «ቲልት» ይሉታል። ቃሉ የመጣው ፒንቦል ከሚባለው አሮጌ መጫወቻ ነው። አንዲት የብረት ኳስ ማሽን ውስጥ ትንከባለላለች፣ አንተ በሁለት መቅዘፊያ ወደ ላይ ትመልሳታለህ። አንዳንዱ ሰው ኳሷ ልታመልጠው ስትል ማሽኑን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቃል። ማሽኑ ሲነቀነቅ ያውቃል። «ቲልት» የሚል መብራት ይበራና መቅዘፊያዎቹ ይቆለፋሉ። ኳሷ ዓይንህ እያየ ትወርዳለች። ቃሉን የፖከር ተጫዋቾች ወሰዱት፣ ከዚያም የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች። ትርጉሙ ይሄ ነው፤ ሰውየው በግኗል፣ የበገነ ሰው ደግሞ የተበላውን ለማስመለስ ሲሮጥ ይብስ ይበላል። ሰፈር ጆተኒ ቤት ወይም ከረንቡላ ቤት ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የነደደው ልጅ «አንድ ጊዜ ብቻ!» ይላል። የቀረችውን ሳንቲም ያወጣል። ያቺንም ይበላል።

ጥሩ ተጫዋች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሲበግን ያውቀዋል። ትከሻው ሲወጣጠር፣ ቁልፉን ከሚገባው በላይ ጨምቆ ሲጫን ይሰማዋል። ከዚያ ይነሳል። ውኃ ይጠጣል። ይህ ከሽንፈት አይቆጠርም።

ሌላም አለ። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባል ትውልዱ ሃንጋሪያዊ የሆነ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ቼዝ ተጫዋቾችን፣ ተራራ ወጪዎችን፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ለዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። ሰው ጊዜው እንዴት እንዳለፈ ሳያውቅ በአንድ ነገር የሚጠፋበት ሰዓት መቼ ነው የሚለውን ፈለገ። ያገኘው፣ የነገሩ ክብደትና የሰውየው አቅም ሲመጣጠኑ ነው። በጣም ቀላል ከሆነ ይሰለቸናል። በጣም ከባድ ከሆነ እንጨነቃለን። ይህን ሳነብ እኔ የማስበው ስለ ደከመ ሰው ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሳትበላ፣ ከዚያ ሁሉ ስልክ በኋላ አቅምህ የቅዳሜው አይደለም። ዓይንህ ይዘገያል። ጣትህ ይዘገያል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ጌም አንድ ቢሆንም፣ የዚያ ማታው ጌም ከቅዳሜው የከበደ ነው። ከአቅምህ በላይ ሆነ። አንተ ግን ራስህን በቅዳሜው ሰውዬ ለካኸው።

ከራሴ ቤት አንድ ነገር ልንገርህ። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ዳማ ይወድ ነበር። ሰሌዳውን በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ሠራው። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ነበሩ። የእሱ በፊታቸው፣ የእኔ በጀርባቸው። እኔ ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ገና መቀጠሬ ነበር፤ አለቃዬ ደግሞ ሰው ፊት መናገር የሚወድ ሰው ነበር። ማታ ስገባ አባቴ ፊቴን ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ። ደህና ከሆንኩ ቆርኪዎቹን መደርደር ይጀምራል። ካልሆንኩ ካርቶኑን ሶፋው ሥር እንዳለ ይተወዋል። «እጅሽን ታጠቢና መጀመሪያ ቅመሺ» ይለኛል። እስክበላ፣ ሻይ እስክጠጣ፣ ትንሽ እስካወራ ድረስ ዳማ የለም።

አንድ ማታ እምቢ አልኩት። «አልራበኝም፣ እንጫወት» አልኩ። ተጫወትን። ሁለት ጠጠሬን በአንድ ዝላይ በላብኝ። ካርቶኑን በእጄ ገፋሁት። ቆርኪዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ አንዳንዱ ቁም ሳጥኑ ሥር ገባ። አባቴ ምንም አላለም። ጉልበቱን ያመው ነበር። ተንበርክኮ አንድ በአንድ ለቀማቸው። እኔ ቆሜ አየሁት። ዛሬ አባቴ የለም። ከእሱ ጋር ካሳለፍኳቸው ማታዎች ሁሉ እንዳዲስ መልሼ ብኖረው የምመኘው እሱን ነው። የይቅርታውን ነገር መጀመሪያ ያነሳሁልህ ለዚህ ነው።

አባቴ ስለ ሥነ ልቦና ያነበበው አልነበረም። ግን በበሩና በሰሌዳው መሀል አንድ ነገር ያስቀምጥ ነበር። ምግብ፣ ሻይ፣ ወሬ። አንተም እንዲህ ዓይነት ነገር ያስፈልግሃል። ከቤት ስትገባ ጫማህን አውልቅ። ፊትህን ታጠብ። ያለውን ነገር ቅመስ፤ ጾም ከሆነም በያይነቱ አይጠፋም። ለወንድምህ «ዛሬ ቢሮ እንዲህ ሆነብኝ» ብለህ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገረው። ልጅ ነው ብለህ አትተወው። ፊትህን እያነበበ ነው የሚውለው፤ ምክንያቱን ካልነገርከው ራሱን ምክንያት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ መጫወት ካማረህ ተጫወት። ደክሞህ ከሆነ «ዛሬ አልችልም፣ ነገ» በለው። ወይም ሁለታችሁ በአንድ ቡድን ሆናችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር ግጠሙ፣ ያውም ክብደቱን ዝቅ አድርጋችሁ። ተቃራኒ ከመሆን አንድ ወገን መሆን ለደከመ ሰው ይሻላል።

ስለ ወንድምህ አንድ ነገር ላክል፣ እሱን ያሰብከው አልመሰለኝም። ሐምሌ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ልጁ ቤት ብቻውን ነው የሚውለው። ያቺ የማታ ጨዋታ ላንተ የድካም መርሻ ናት። ለእሱ ግን የቀኑ መጨረሻ ብቻ አይደለችም፤ ቀኑ ራሱ ናት። ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቃት ነው። አንተ ባዶህን ስትገባ እሱ ሞልቶ ነው የሚጠብቅህ። አንድ ሶፋ ላይ ሁለት የማይገናኝ ሙድ ተቀመጠ። በ90ኛው ደቂቃ ሲያገባ መጨፈሩ ባንተ ላይ መሳለቁ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የጠበቀው ደስታ ወጣ።

አሁን ወደ መሸጡ። ባልደረባህ «ጌም ነው ጠባይህን ያበላሸው» ማለቱ በክፋት አይመስለኝም። ግን ብዙ ሰው እንዲህ የሚለው በግምት ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 39,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን ያካተተ ጥናት አሳትመዋል። ተጫዋቾቹ «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ተብለው አልተጠየቁም። ሰዓቱን የጌም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከመዝገባቸው ሰጡ። የተጫወቱት የሰዓት ብዛት በደህንነታቸው ላይ ወደ ክፉም ወደ ደግም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከስሜታቸው ጋር ተያይዞ የተገኘው የሚጫወቱበት ምክንያት ነው። ወድደው የሚጫወቱት ደህና ነበሩ። መጫወት አለብኝ በሚል ግፊት የሚጫወቱት ግን ያን ያህል ደህና አልነበሩም። ስለዚህ ጆይስቲኩን ከማንሳትህ በፊት ራስህን ጠይቅ። ፈልጌ ነው? ወይስ የምሸሸው ነገር አለ?

ደግሞ ሌላ ነገር። በከፋ ሙድ ውስጥ ሆኖ የሚወሰን ውሳኔ መጥፎ ውሳኔ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጎርደን ባወር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳየው፣ የከፋው ሰው የሚያስታውሰው የከፉ ነገሮችን ነው። ደስ ያለው ደግሞ ደስ የሚሉትን። አሁን ስለ ጌሙ ስታስብ የሚመጣልህ ያቺ ግድግዳ ላይ የተወረወረችው ጆይስቲክ ናት። እየሳቃችሁ የተኛችሁበት ቅዳሜ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ዕቃውን ዛሬ ብትሸጠው የምትሸጠው በግማሽ ትዝታ ነው። ደግሞም ልጁ የሚረዳው ሌላ ነው። «ስላገባሁበት ሸጠው» ይላል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐምሌ አጋማሽ አልፎ ነው። የመዝጊያው ሩጫ አልቋል። አንተ ግን አሁንም ማኪያቶው አይጥምህም፣ ጌሙም ደብሮሃል፣ የእናትህን ስልክ መጨረስ አቅቶሃል። ሙድ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን በግራ ጎናችን እንነሳለን፤ ሲመሽ ይለቀናል። የወደድነው ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ግን ሌላ ስም አለው። ሐኪሞች ሲመረምሩ ቀድመው ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ «ድሮ ደስ ይልህ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሃል?»

ስለዚህ ለራስህ በእውነት መልስ። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ሌሊት ትነቃለህ? ምግብ ይበላልሃል? ጠዋት መነሳት እንደ ተራራ ይከብድሃል? ከንቱ ነኝ፣ ለማንም አልረባም የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል? አብዛኛው ቀንህ እንዲህ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂድ። አዲስ አበባ ነው ያለኸው፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ብታፍር እንኳ ከሰፈርህ ጤና ጣቢያ ጀምር። «አማኑኤል ሄደ» የሚለው የሰው አፍ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ፍርሃት ዓመታት ባክኖበታል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ጸበልም ብትጠመቅ፣ ዱዓም ብታደርግ ከሐኪም ጋር አይጣላም። ሁለቱንም ያዝ። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ አትዘግይ። ያንኑ ቀን ለሚቀርብህ ሰው ንገርና አብራችሁ ሂዱ።

ካልሆነ፣ ማለትም እንቅልፍህም ምግብህም ደህና ሆኖ ይህ የሰኔ ድካም ትራፊ ከሆነ፣ ዕረፍት ውሰድ። የዓመት ፈቃድህን ስንት ዓመት እንዳጠራቀምክ አላውቅም፤ የባንክ ሰው ብዙ ያጠራቅማል። አራት አምስት ቀን ውሰድና ልጁን ይዘህ ደብረ ብርሃን ሂዱ። መንገዱ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው። እናታችሁ ታያችሁ። ብርዱ ውስጥ ጋቢ ለብሳችሁ ቡና ጠጡ። የማኪያቶው ጣዕም እስኪመለስ የእሷን ቡና ሞክር።

እስከዚያው ዛሬ ማታ ደውልላት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። «ደክሞኛል እማዬ» በላት። ሌላ ምንም ማስረዳት አይጠበቅብህም።

ከወንድምህ ጋር ያለውን ደግሞ ለአርብ ማታ አቆየው። አርብ ነገ ሥራ አለ ብለህ አትጨነቅም፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብትገባም ቀላል ነው። ይቅርታውን ከጠየቅከው በኋላ ወዲያው «እንጫወት» አትበለው። ይቅርታው ለጨዋታው ሲባል የመጣ እንዳይመስለው። አርብ በልታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስታበቁ ጆይስቲኩን አንተ አንስተህ ስጠው። የተሰነጠቀ ካለ የተሰነጠቀውን አንተ ያዝ። ቡድኑን መጀመሪያ እሱ ይምረጥ።

ሲያገባብህ ይጨፍር። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ጠረጴዛዋን ቀድመህ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርግለት።